ኮምፕሬሰሩን የፈታን ሰሞን

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ዓርብ ከሰዓት፣ አባባ ከድሬዳዋ ሲያመጡኝ፣ አወዳይን እንዳለፍን ነው። ከፊት ከሞተሩ በኩል ጠጠር የገባበት ወፍጮ ዓይነት ድምፅ፤ ከርርር፣ ከርርር። ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል፣ ሲለቀቅ ይቀንሳል። እኔ መኪና ውስጥ ፈሪ ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ። የበሩን እጀታ ጨምድጄ «አባባ፣ ምንድነው እሱ?» አልኩ። ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ፣ ወደ መንገዱ ተመለሰ። «አባባ!» ብዬ ስጮህ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ድምፁ ነዋ!»

«አቦ ምንም የለም። መኪናው ሸምግሏል፤ ሽማግሌ አያጉረመርምም እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሥራዬ ድሬዳዋ ነው፤ ቤታችን ሐረር። ሳምንቱን እዚያው በተከራየኋት አንድ ክፍል አሳልፋለሁ። ሰኞ ጠዋት አባባ ያወርዱኛል፣ ዓርብ መጥተው ይወስዱኛል። ሸዋ በር ሚኒባስ ሞልቷል፣ አይድከሙ፣ ብዬ ስንቴ ለምኛለሁ። «ልጄን የማላውቀው ሾፌር አይነዳትም» ይላሉ፤ አለቀ። ጡረታ እስኪወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ በመንዳት የሚያህላቸው ያለ አይመስላቸውም። እኔን አድርሰው ግን የደንገጎን ዳገት ብቻቸውን ነው የሚመለሱት። ያ መንገድ ደግሞ የጫት መኪና መንገድ ነው። የጫት መኪና ለማንም አይቆምም። ከኋላ አንድ ረጅም ክላክስ ያሰማል፣ አንተ ዳር ትይዛለህ። ዳር ያልያዘ ሰው ነገር ማታውኑ ከተማ ውስጥ ይወራል።

መኪናችን ጀርመን ሠራሽ፣ አሮጌ፣ ኋላው ላይ «ኮምፕሬሰር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። የኤሲውን ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ሞተሩ ፊት ባለው ቺንጋ፣ ማለትም በረጅሙ የጎማ ቀበቶ እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ሞተሩን የሚግት ማሽን ነው። አሮጌው መኪና ዳገት ላይ ጎረምሳ የሚሆነው በእሱ ነው። ችግሩ፣ ያው አንድ ቺንጋ የሞተሩን ውሃም መሪውንም ያንቀሳቅሳል። ኮምፕሬሰሩ ተነክሶ አልዞር ካለ ቺንጋው ይበጠሳል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ መሃል መዞሪያ ላይ መሪው ድንጋይ ይሆናል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው አባባ ናቸው። ባያስተምሩኝ ኖሮ ቢያንስ ዓርብ ሌሊት እተኛ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፈትን። አባባ መኪናቸውን ለጋራዥ አይሰጡም፤ ጋራዥ የገባ መኪና ሌላ መኪና ሆኖ ነው የሚወጣው ባይ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ረዳታቸው እኔ ነኝ፤ ብሎን እይዛለሁ፣ ባትሪ አበራለሁ፣ እጨቃጨቃለሁ። ሞተሩን አስነሱና ረጅሙን ካቻቢቴ አመጡ። ጫፉን ኮምፕሬሰሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውስጡ ያለው ድምፅ በብረቱ በኩል ይመጣል፤ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው።

«ጤነኛ ነው» አሉ።

«እስቲ እኔ።» ጆሮዬን ሳስጠጋ ደንግጬ ካቻቢቴውን ልጥለው ነበር። «አባባ! ይሄ እኮ እየተፈጨ ነው! እንዴት ጤነኛ ይሉታል?»

ፊታቸው ጠቆረ። ግትር ሆኑብኝ ብዬ በሸቅኩ። በንዴት ራሴ ቺንጋውን አስፈታኋቸውና ያለ ቺንጋ ለአፍታ አስነሳነው። ድምፁ ድርግም ብሎ ጠፋ። «አዩ! ጠፋ! ኮምፕሬሰሩ ነው» አልኩ። አፌን አፌን እያዩኝ ነበር። «አዎ፣ ጠፋ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራቸውን ማየት ደስ ይላል። ቱቦዎቹን ነቅለው፣ ብሎኖቹን በተራ አሮጌ አንሶላ ላይ ደርድረው፣ ኮምፕሬሰሩን ለሁለት አቅፈን አወጣነው። አፍንጫውን፣ የፊት መክደኛውን፣ ከፈቱት። ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ዘይት አለው፤ ቢለካ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ሲፈስ ጠቁሯል፣ የብረት ብናኝ ያብረቀርቅበታል፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ውስጥ፣ ቺንጋው የሚያዞረውን ፑሊ ከሚሽከረከሩት ብረቶች ጋር የምታያይዝ አንዲት መጋጠሚያ አለች። ቀዳዳዎቿ ተበልተው ሰፍተዋል፤ የሚያንኳኳው በዚያ ነው። አባባ አዲሷን ከቁም ሣጥን አወጡ፤ ዘይቱንም እንደዚያው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። መኪና ሲገዙ መለዋወጫውን አብረው የሚገዙ ሰው ናቸው። የጎደለን መክደኛውን መልሶ የሚያጣብቀው ሲሊኮን ብቻ ነበር፤ እሱን ልገዛ ሸዋ በር ወጣሁ።

መለዋወጫ የሚሸጡት ሰውዬ የጀጎል ሰው ናቸው፤ ከአባባ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ሲሊኮኑን ሰጡኝና መልሱን ሳይመልሱ ያዝ አደረጉኝ።

«አንቺ፣ የአባትሽ ነገር ግን ቅር ብሎኛል።»

«ምነው ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

«ወላሂ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ባልነገርኩሽ። ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከዚህ እስከ መንገዱ በማይሞላ ርቀት፣ ሰላም ብያቸው ዝም ብለው አለፉኝ። ቸኩለው ይሆናል አልኩ። ደግሞ እዚሁ በሬ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው፣ ሰላም አልኩ። ዝም! የዚህን ያህል ዘመን ወዳጅ ሰላምታ ይነፍጋል? ምን በደልኩ? በአላህ ጠይቂልኝ፤ ካስቀየምኳቸው አፉ ይበሉኝ።»

እኛ ከተማ ሰላምታ ያልመለሰ ሰው የተጣላ ሰው ነው። አባባ ደግሞ ከማንም አይጣሉም፤ ሰላምታ ሲያበዙ መንገድ የማይገፋላቸው ሰው ናቸው። «እነግራቸዋለሁ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ጥቂት ሄጄ ቆምኩ። ዓርብ መኪና ውስጥ ሁለቴ የጠራኋቸው ትዝ አለኝ። ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው ቴሌቪዥን። ጠርቶ ጠርቶ የሚዘጋው ስልክ። ካቻቢቴው። ወደ ቤት ፈጠንኩ።

ስደርስ አባባ ግቢ ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብሎን ያጸዳሉ። ከኋላቸው ቆምኩ፤ አንድ ክንድ ብንራራቅ ነው። ድምፄን ከፍም ዝቅም ሳላደርግ፣ «አባባ፣ እግርዎ ሥር እባብ» አልኩ።

ብሎኑን በነዳጅ ጨርቅ ወለወሉት። አገላብጠው አዩት። ሌላውን አነሱ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እናቴ ስታርፍ እንኳ ለቅሶ ነበር እንጂ ፍርሃት አልነበረም። ደንገጎ ታየኝ፤ ብቻቸውን፣ መስኮቱን ከፍተው፣ መሃል መንገዱን ይዘው። ከኋላቸው የጫት መኪናው፣ ክላክሱ፣ ደግሞ ክላክሱ። ስንት ሰኞ እንዲህ ተመልሰዋል? እኔ ቢሮዬ ገብቼ ሻይ እያዘዝኩ!

ዞር ሲሉ አዩኝ። «መጣሽ? ሲሊኮኑስ?» አሉ፤ ሰጠኋቸው። መጋጠሚያዋን አስገቡ፣ መክደኛውን ሲሊኮን ቀብተው ገጠሙ፣ እስኪደርቅ እስከ ነገ ይቆይ አሉ። ጣቶቻቸው አንድም ቦታ አልሳቱም። እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ፤ ምናቸውም አልደከመም፣ ማንም አይቶ አይጠረጥርም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲሱን ዘይት በመርፌ ሲሪንጅ ሞላን፤ ከቀዳዳው አፍ ጋር እኩል እስኪሆን። ኮምፕሬሰሩን ወደ ቦታው መለስን፣ ቺንጋውን አጠለቅን። አባባ ቁልፉን አዞሩ። ድምፁ የለም። ሞተሩ ለስለስ ብሎ ይሠራል፤ ነዳጅ ሲሰጡት አየሩ ፉት ሲል ብቻ ነው የሚሰማው።

ወርደው መጡና ፊት ለፊቴ ቆሙ። «እህ? እንዴት ነው?»

ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ድምፁ አሁንም አለ ብል በምን ያውቃሉ? መኪናው ግቢ ይቆማል፣ ሰኞ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ አባቴ በሕይወት ይኖራሉ። በዚያች ሰዓት ከዚህ የተቀደሰ ሐሳብ ያለ አልመሰለኝም።

«አለ፤ አልጠፋም» አልኩ።

አዩኝ፣ አዩኝና ሳቃቸው መጣ። «ውሸታም! ጠፍቷል። ፊትሽ ላይ አየሁት። ዓርብ ከአወዳይ እስከ ቤት ፊትሽን እያየሁ አይደል የመጣሁት?»

«መንገዱን ትተው ፊቴን!» ብዬ ጮህኩ። «ሊገድሉን ነው እንዴ? ጆሮዎ እኮ አይሰማም አባባ! ትናንት እባብ ብዬዎት ዞር አላሉም! ሸዋ በር ያሉት ወዳጅዎ ሰላምታ ነፈጉኝ ብለው አዝነዋል! ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን አልነገሩኝም?»

ይህን ሁሉ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህኩት። እሳቸውም ሰሙ። ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም» አሉ። «እናትሽ ካለፈች ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያናግረኝ ሰው የለም። በምን ልወቅ?»

ሐኪም ጋ እንሄዳለን አልኩ፣ እሺ አሉ። መኪናውን ይተዉ አልኩ። «ሰኞን ላድርስሽና እናያለን» አሉ። አሁንም እዚያው ናቸው!

ሰኞ ወረድን። መንገዱን ሙሉ አንገቴ ወደ ኋላ ነው። «መኪና መጣ፣ ዳር ይያዙ» እላለሁ፣ እየጮህኩ፣ ክንዳቸውን እየነካሁ፤ ይይዛሉ፤ ጭነቱን የቆለለው መኪና ሽው ብሎ ያልፋል። ኮምፕሬሰሩ አንድም ጊዜ አላንኳኳም። አባባ ደስ ብሏቸው «ሰማሽ? እንደ አዲስ ነው አይደል?» ይሉኛል። አዎ አባባ፣ እንደ አዲስ ነው።

መሥሪያ ቤቴ በር ላይ አቆሙ። እኔ አልወረድኩም።

«ደርሰሻል እኮ።»

«አብሬዎት እመለሳለሁ።»

«ወዴት?»

«ሐረር።»

«ከዚያስ? እንደገና ላወርድሽ ነው?» ብለው ሊስቁ ሲሉ ፊቴን አዩ። የሆንኩትን እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሳቃቸውን ተዉት። ሞተሩን አጠፉ፣ ቁልፉን ነቅለው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«በሚኒባስ እሄዳለሁ» አሉ። «መኪናው እዚህ ይቁም። በይ፣ ሥራሽ ግቢ።»

ኮታቸውን ከኋላ ወንበር አንስተው ወረዱ። አለቀ አልኩ፣ አበቃ፤ ተመስገን። መንገዱን አቋርጠው ወደ ሚኒባሶቹ ሲሄዱ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ ኮቱን እየለበሱ፣ አንዱ እጅጌ አልገባ ብሏቸው፣ መሃል አስፋልቱ ላይ።

ከኋላቸው ባጃጅ መጣ። ክላክስ አደረገ። አባባ እጅጌያቸውን ይፈልጋሉ። ደግሞ ክላክስ አደረገ፣ ረጅም። አልዞሩም። ባጃጁ ተጠማዞ የኮታቸውን ጫፍ ነክቶ አለፈ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አፉ እንዳመጣለት ሰደባቸው። አባባ ፈገግ አሉለት።

በሩን ከፍቼ ሮጥኩ። ብጣራ እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ አፌን ዘግቼ፣ ዝም ብዬ ሮጥኩ።