ሁለት ጥርስ በአንድ መሐረብ

ባለፈው ማክሰኞ ጥርሴን ለመታየት ሆሳዕና መሃል ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋ በምንጠብቅበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ክራባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው፣ ጥርስ ሐኪም በሌለበት ገጠር መካከለኛ ባለሙያዎች ሠልጥነው ይንቀሉ፣ ይሙሉም ይላል። ሌላው ደግሞ ዶክተር ላልሆነ ሰው ጉጠት ማስጨበጥ ገበሬውን መናቅ ነው እያለ ጣቱን ያወዛውዛል። አጠገቤ ጉንጩን በጋቢ የጠቀለለ ሰውዬ ተቀምጧል። ከሞርሲቶ በኩል የመጣ መሆኑን ከአነጋገሩ ለይቻለሁ። ብዙ ከሰማ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣

«እትዬ፣ ከሁለቱ የትኛው ነው ዛሬ የሚነቅልልኝ?» አለኝ።

«ሁለቱም አይደሉም» አልኩት።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ ናት። የአፌን ፎቶ አንስታ ብዙ ካየችው በኋላ ቀኝ መንጋጋዬ ላይ ያለችውን የቆየች ክፍተት በጣቷ አሳየችኝ።

«እማማ፣ ይቺኛዋን ማን ነቀለልዎት? ሥር አልቀረም፣ አጥንቱም አልተነካም። አዲስ አበባ ነው?»

«እዚሁ ነው። ድሬሰር ነው።»

«ድሬሰር?» ሳቀች። «እድለኛ ነዎት። እነሱ በዚያን ጊዜ የስንቱን መንጋጋ ሰብረዋል ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«እንዲሁ ይባላል።»

«ይባላል» የምትለዋን ቃል ከእሷ በፊት አውቃታለሁ። በጃንሆይ ዘመን፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ደብዳቤ ላይ አይቻታለሁ። የጻፋት ሰው ሞቷል። ስለ ሙት ክፉ አይወራም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የማወራው ያየሁትን ነው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ስድስተኛ ክፍል እንድማር ከሞርሲቶ አጠገብ ካለው ቀዬአችን አውጥቶ ሆሳዕና እኅቱ ዘንድ አስቀመጠኝ። አክስቴ አማረች ቃል የማታበዛ ሴት ነበረች። ባሏን ጋሼ ጴጥሮስ እለዋለሁ። የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። አብልቶኛል፣ ደብተር ገዝቶልኛል፤ ይህን አልክድም። ግን ያጎረሰኝን ሁሉ እንግዳ ባለበት ይቆጥርልኝ ነበር።

በእኛ ቀዬ የተነቀለ ጥርስ አይጣልም። የልጅ ጥርስ ከሆነ ጣሪያ ላይ ይወረወራል። የአዋቂ ሰው ጥርስ ግን በጨርቅ ይጠቀለልና የቤቱ ምሰሶ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል። ባለቤቱ ሲሞት ጎድሎ እንዳይቀበር አብሮት ይገባል። ጋሼ ጴጥሮስ ይህን ልማድ ጉባኤ ላይ ሲያወግዝ ሰምቼዋለሁ። «አምላክ የበሰበሰ መንጋጋ አያስፈልገውም» ይል ነበር፤ ሰውም ይስቅለታል።

በከተማው አንድ ክሊኒክ ነበር። በውስጡም ድሬሰር ላምቤቦ የሚባል የአንጋጫ ሰው ይሠራ ነበር። አጭር፣ እጁ ሰፊ፣ ሲራመድ ወደ ጎን የሚያዘነብል። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል አጥቦ የሚያሽግ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ኪኒን የሚያድል ነው። ላምቤቦ ግን ጥርስም ይነቅላል። ቀድሞ የነበረው ሐኪም ነው ያስተማረው። መጀመሪያ ዕቃ መቀቀል፣ ቀጥሎ ማደንዘዣ መውጋት፣ በስተመጨረሻ መንቀል። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲሄድ ጉጠቶቹን ለላምቤቦ ትቶለት ሄደ። በገበያ ቀን ከሙዱላ ሳይቀር በእግሩ የመጣ ሰው ጉንጩን ይዞ በረንዳው ላይ ይሰለፋል።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጋሼ ጴጥሮስ ወደ ጤና ቢሮ የሚልከውን ደብዳቤ አነበበልን። «ቁስል ከማጠብ በላይ ያልተማረ እጅ የሰውን አፍ እየደፈረ ነው፤ ብዙዎችም እንደተጎዱ ይባላል» የሚል ነበረበት። በዚያ ዓመት ከፍ ያለ የጸሐፊነት ቦታ ይከፈታል ተብሎ ይወራ ነበር። ንቁ ሆኖ መታየት ፈልጓል። አክስቴ ሳህኑን እያነሳች ግራ ጉንጩን ትኩር ብላ አየችው። ምን እንዳየች የገባኝ ቆይቶ ነው።

ትእዛዝ መጣ። ላምቤቦ ሁለተኛ ጥርስ እንዳይነቅል ተባለና ፈረመ። ያስፈረመውም ጋሼ ጴጥሮስ ራሱ ነው።

ክረምት ገባ፤ የእኔም ጥርስ ተነሳብኝ። ቅርንፉድ ነከስኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ያዝኩ፣ በሞቀ ጨው ታጠብኩ። ሥቃዩ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ያኔ ክረምት ሲሆን መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይወጣም፣ አይገባም። ጋሼ ጴጥሮስ፣ «ጭቃው ሲደርቅ አዲስ አበባ እወስድሻለሁ። እስከ መስቀል ቻይው» አለኝ። መስቀል ሁለት ወር ነበር የቀረው። የበቆሎው እሸት ደረሰ። የቤቱ ልጆች እየጠበሱ ሲግጡ ሽታው ያስለቅሰኛል። ቆጮ ማኘክ ቀረ፤ አክስቴ ቡላውን አቅጥና እንደ አጥሚት ታጠጣኝ ጀመር። ከዚያ ጉንጬ አበጠ፣ እብጠቱም ወደ አገጬ ወረደ። አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ።

በገበያ ቀን፣ ባሏ ቢሮ ሳለ፣ አክስቴ ፊቴን በነጠላ ሸፍና ክሊኒኩ ወሰደችኝ። ድሬሰር ላምቤቦ ነጠላውን ገልጦ አየኝ፤ ከዚያም እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ወይዘሮ አማረች፣ ባለቤትሽ ምን እንዳስፈረመኝ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አምስት ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽብኝ?»

«ሌላ የት ልውሰዳት?»

ከአገጬ ሥር ዳሰሰኝ፣ ግንባሬን ነካ፣ ምራቅ እንድውጥ አደረገኝ። «መስቀል አትደርስም» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ግን አልነካትም። አፏ ሳይከፈት የሚነቅል እብድ ነው። ሦስት ቀን ፔኒሲሊን ትወጋ፤ እሱን አልተከለከልኩም።»

ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ብቻዬን እየሄድኩ ተወጋሁ። በአራተኛው ቀን ከአክስቴ ጋር ሄድን። ጉጠቱ ድስት ውስጥ ሲንጫጫ ሰማሁት። እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ማደንዘዣውን ከወጋኝ በኋላ ቁጭ ብሎ ስለ አንጋጫ ድንች ከአክስቴ ጋር አወራ፤ እኔም የተረሳሁ መሰለኝ። ከንፈሬ እንጨት ሲሆን ተነሣ።

«ማልቀስ ትችያለሽ፤ እግርሽን ግን አታወራጪ።»

አላለቀስኩም። እንደ ደረቅ እንጨት ስንጠቃ ያለ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰማሁና አለቀ። ጥርሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሥሮቹን ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት። ሙሉ ነው።» አፌን በጥጥ ሞልቶ፣ «ነክሰሽ ያዢ። እስኪመሽ እንዳትናገሪ» አለኝ። ላመሰግነው ፈልጌ ነበር። በዓይኔ ለማመስገን ብሞክርም እሱ ዞሮ መዝገቡን ከፍቶ ስሜን ይጽፍ ነበር።

አክስቴ ደነገጠች። «ምን ነካህ? በራስህ ላይ ልትመሰክር ነው?»

«የነቀልኩትን ሁሉ ጽፌአለሁ። ካልጻፍኩማ እውነትም ቁስል አጣቢ ነኝ።» ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና አያት። «አንድ ሰው ብቻ ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ለምኖኝ ነው።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

ጋሼ ጴጥሮስ የጎደለ ጉንጬን አይቶ ነገሩን ለማወቅ አንድ እራት በቃው። ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። መስከረም ላይ ተቆጣጣሪ መጣ፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በበቅሎ ነው የገባው። ሽበታም፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ የተማረ የጤና ሰው ነበር። በላምቤቦ እጅ ጥርሱን የተነቀለ ሁሉ ሐሙስ ክሊኒኩ ይቅረብ ተብሎ በገበያው ተለፈፈ።

ለምን እንደሚፈለግ ያወቀ አልነበረም። መንግሥት ጥርሶቹን ሊመረምር ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሰዉም ከየምሰሶው ስንጥቅ ጥርሱን አውጥቶ ይዞ መጣ። በጨርቅ፣ በእንሰት ቅጠል፣ አንዱማ በክብሪት ቀፎ። አንዲት አሮጊት የእሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ጌታዬ፣ ካያችሁት በኋላ ትመልሱልኛላችሁ። ያለሱ አልቀበርም» አለችው።

ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ አንዱን አነሣ። መነጽሩን አደረገ። ወደ ብርሃን አዙሮ ሥሩን አየ፤ ሌላ አነሣ፤ ደግሞ ሌላ። ቁጣው ሲበርድ ይታይ ነበር። ከአንጋጫ የመጣ አንድ ሰው ግን ባዶ እጁን ቀረበ።

«ያንተስ የታል?»

«እኔን አልነቅልም አለኝ፣ ጌታዬ። እብጠትህ የጥርስ አይደለም፣ ከእኔ በላይ ነው ብሎ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ ቀደው አዳኑኝ።»

«ይህም ይጻፍ» አለ ተቆጣጣሪው። የሚጽፈው ጋሼ ጴጥሮስ ነበር።

ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ጠዋት አክስቴ ከእኔ ጥርስ ጋር መሐረብ ውስጥ አንድ ነገር ቋጥራ አስጨብጣኝ ነበር። በሀዲይኛ፣ «እኔ ሚስቱ ነኝ፤ አፌ ታስሯል። የራስሽን ስታሳዪ ይህንንም አሳዪ። ደብተርሽን ሊያሳጣሽ ይችላል፤ እወቂው» አለችኝ፤ የማን እንደሆነና መቼ እንደተነቀለም ነገረችኝ። አውቄ ነው የሄድኩት። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁ።

«ሁለት ነው የተነቀልሽው፣ ልጄ?»

«አንዱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

ሁለተኛውን አነሣው። ቡናማ፣ ትልቅ፣ ሥሩ ሦስት። «ይህ የሽማግሌ ጥርስ ነው። የማነው?»

ጋሼ ጴጥሮስ ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። እኔን ሳይሆን መሐረቡን አየ፤ መሐረቡ የራሱ ነበር።

«የጋሼ ጴጥሮስ ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ አሞኛል ብሎ በቀረበት እሑድ ነው የተነቀለው። የቤታችን ምሰሶ ውስጥ ነበር።»

ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ ዞረ። «አቶ ጴጥሮስ፣ እስቲ አፍህን ክፈት።»

አልከፈተም። አሮጊቷ፣ «ክፈት እንጂ፣ እኛ ሁላችን ከፍተን የለም ወይ?» ስትል በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ተቆጣጣሪው አልሳቀም። «ይጻፍ» አለ ብቻ። ጋሼ ጴጥሮስም በዚያ በቆንጆ እጁ ጻፈው።

በስተመጨረሻ ተቆጣጣሪው ለላምቤቦ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ደንቡ ትክክል ነው። ጥርስ መንቀል ያለበት ሐኪም ነው። ግን ደንቡ ሐኪሙን ይዞ አልመጣም። እስኪመጣ አንተ ትነቅላለህ፤ ሁሉንም ትጽፋለህ፤ ከአቅምህ በላይ የሆነውን እንደ አንጋጫው ሰውዬ አዲስ አበባ ትልካለህ።» የጥርስ ሐኪም ሆሳዕና የገባው እኔ አራት ልጆች ወልጄ፣ ጥርሳቸውም ወልቆ ከበቀለ በኋላ ነው።

የእኔን ጓዝ በማግስቱ ከቤት ወጥቶ በረንዳ ላይ አገኘሁት። ያ ዓመት ትምህርቴ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት የላምቤቦ ሚስት፣ በአምስት ልጆች ላይ፣ ጥግ ለቃልኝ ትምህርቴን ጀመርኩ። በዚያ ቤት የተቆጠረብኝ ጉርሻ የለም። በነሐሴ እሸት በሁለቱም ጉንጬ ግጫለሁ። ጨርሼም አስተማሪ ሆንኩ።

ላምቤቦ ሲሞት በሩቅ አገር አስተምር ስለነበር የሰማሁት ከወር በኋላ ነው፤ ያን ቀን በጥጥ የታፈነችው ምስጋናዬ ሳትደርሰው ቀረች። ጋሼ ጴጥሮስ ግን ዕድሜ ጠግቦ ሞተ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «የሆሳዕናን ሕዝብ ከአልባሌ ሕክምና የታደገ» ተባለ። አክስቴ ጎኔ ነበረች፤ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ፣ ለእሷ ስል ዝም አልኩ። ዛሬ እሷም የለች። ጥርሱን ግን አልከለከልኩትም፤ ያኔውኑ ለአክስቴ መልሼላት ነበር። አክስቴ በዚያው መሐረብ ቋጥራ ሣጥኑ ውስጥ ስታስገባለት አይቻለሁ፤ ሙሉ ሆኖ ተቀብሯል።

ይህን ሁሉ ለልጂቱ አልነገርኳትም። ወረፋ ነበረባት። ወጋችኝ፣ ጠበቀች፣ ነቀለች። እጇ ቀላል ነው። ጥርሱን ወደ መብራቱ አንሥታ ሥሩን ስታይ ልቤ ለሰለሰላት።

«ስጪኝ» አልኳት በደነዘዘ ከንፈሬ። ግራ ተጋብታ አጥባ ሰጠችኝ። ከዚያ አፌን በጥጥ ሞላችና፣ «ነክሰው ይያዙ እማማ። ለጊዜው እንዳይናገሩ» አለች።

ጥጡን አወጣሁት።

«ኧረ እማማ፣ ይደማል!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ደግሜም፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

«አንዴ ይበቃል» ብላ እየሳቀች አዲስ ጥጥ አጎረሰችኝ። ከሁለቱ ምስጋና አንዱ ብቻ የእሷ መሆኑን ልነግራት አልቻልኩም።