የማይነዝር በገና

እኔ የተዘጋ ዕቃ አይቼ አያስችለኝም፤ እከፍተዋለሁ። ወረታ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ «ሴትና የብየዳ ካውያ ምን አገናኛቸው» ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ ዛሬ የተበላሸባቸውን ታቅፈው የሚመጡት ወደኔው ቤት ነው። ስለዚህ አንድ የሰርግ ባንድ የጣለው የጊታር አምፕሊፋየር እጄ ሲገባ ምን እንደማደርገው አልጨነቀኝም። ያሰብሁት ለአማቼ በገና ነው።

አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ቁሐር ሚካኤል የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ወረታ መጥተው በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በገና ይደረድራሉ። አምና ታዲያ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ እሳቸው መዝሙሩን አጋምሰውት፣ ከኋላ አንዲት ሴትዮ ጮክ ብላ «ኧረ መቼ ነው የሚጀምሩት?» አለች። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን በገናውን በጨርቅ ጠቅልለው «ከርሞ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ፤ ያኔም ካልተሰማሁ እሰቅለዋለሁ» አሉ። እኔ ቆሜ እያለሁማ አይሰቅሉትም!

አምፕሊፋየሩ ለጊታር የተሠራ ስለሆነ ሹል ድምፅ ይወዳል። በዚያ ላይ ያጉመተምታል፤ ቤቴ ከሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ነውና ሞተሩ ሲነሣ ጭራሽ ያብዳል። ጀርባውን ፈታሁት። ገመዱ ተነቅሎም የሚናከስ ዕቃ ነው፤ መጀመሪያ ውስጡ የታመቀውን ኮረንቲ አስተነፈስሁ። ኮረንቲውን የሚያምቁትን፣ ያበጡትን ካፓሲተሮች ነቅዬ በአዲስ ተካሁ፤ የመሬት ሽቦውን አጥብቄ በየድሁ። ከዚያ የራሴን ብልሃት ጨመርሁበት፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚውጥ አንድ ካፓሲተር መሐሉ ላይ አስገባሁ። ስከፍተው ጸጥ! ሞተሩ እየጮኸ እንኳ ትንፍሽ አይልም። ብቻዬን አጨበጨብሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

እሑድ ሊደረድሩ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ከባጃጁ በገናው ቀድሞ ወጣ፤ እሳቸው ተከተሉ። ከአምፕሊፋየሩ ያገናኘኋትን ትንሽ ማይክ ከበገናው ቆዳ ላይ ለጠፍሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ነካኩና ወደ አምፕሊፋየሩ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ አይነዝርም።»

በኔ ሥራ «ይነዝራል» ማለት ኮረንቲ ያወጣል፣ እንዳትነኩት ማለት ነው። ደስ አለኝ።

«ኧረ ምን በወጣው፣ አባባ! እኔ የሠራሁት ይነዝራል? በእጅዎ ይዳብሱት!»

እውነትም ዳበሱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ድምፁን ምን አደረግሽው?»

«አጠራሁት!»

«አጠራሁት? ጠላ መሰለሽ እንዴ?»

ከአንዱ አውታር ሥር እንዚራዋን፣ ያችን ቁራጭ ቆዳ፣ መዘዙና ነኩት፤ ድም ብሎ ቀረ። መለሷትና ነኩት፤ አውታሩ ነዘረ፣ አጉረመረመ።

«በገና ይኸ ነው። አንቺ ዐሥሩንም እንዚራ ነው የነቀልሽብኝ» አሉኝ።

በገና እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ያን ሁሉ ንዝረት እንደ ብልሽት ቆጥሬ ጠርጌ አወጣሁት! በራሴ በገንሁ። ቢሆንም የሠራሁትን ማፍረስም አውቅበታለሁ። «ይቀመጡ» አልኋቸው።

የኮራሁበትን ካፓሲተር ነቅዬ ጣልሁት። አምፕሊፋየሩን ከጎናቸው ወንበር ላይ አስቀምጬ አነስ አነስ ያሉ ካፓሲተሮችን እየቀያየርሁ ሞከርሁ። እሳቸው ጆሯቸውን ከስፒከሩ አስጠግተው ይነካሉ።

«አሁንስ?»

«ገና።»

«አሁንስ?»

«ኧረ ተይኝ እስቲ፤ ገና ነው።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል «ነዘረ!» ብለው ጮኹ። ሩዝ ሊያስፈለፍል የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። የመጀመሪያውን አውታር ሲነኩት ንዝረቱ ደረቴ ድረስ መጣ፤ አጠገቤ ሲያወሩ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። እኔማ ኩራቴን አልቻልሁትም። በመዝሙሩ መካከል ግን እጃቸው ቆመ። ተበላሸ ብዬ በሰው መሐል እየተጋፋሁ ሮጥሁ። ተንበርክኬ ገመዱን ስፈትሽ እጄን ያዙኝ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወርዷል።

«ዕቃሽ ደህና ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለማንም አልተናገርሁም እንጂ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። ይኸን ሁሉ ዓመት ስደረድር በጣቴ ነበር የምሰማው። ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁት።»

ድምፁን ትንሽ ጨመርሁላቸው፤ እሳቸውም ካቆሙበት ቀጠሉ።