እትዬ ድንቅነሽ የሸጡት መጽሐፍ

መጽሐፍ መጻፍ ምን ችግር አለው? እልህና ወረቀት ያለው ሁሉ ይጽፋል። ጉዱ ያለው መሸጡ ላይ ነው። ይህን የመካነ ሰላም ሰው በሙሉ የተማረው ከአወቀ ነው፤ አወቀ ግን ከተማው ሁሉ ከተማረ በኋላ ነው የገባው።

አወቀ የመናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነው። ከወፍ ቀድሞ ይነሳና በዚያች ጠባብ መስኮት አንገቱን አስግጎ፣ የደሴውን ተሳፋሪ ከወረኢሉው እየለየ፣ ከረዳት ጋር እየተነታረከ ይውላል። ዓመታት ሙሉ በዚያች መስኮት በኩል ሲያይ የኖረው አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ትንሽ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ «ደሴ» ብሎ ትኬት የሚቆርጥ፣ ሐሳቡ ግን ደሴ ላይ የማይቆም ወጣት። ከደሴ ባቲ፣ ከባቲ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ባሕሩን ተሻግሮ ዐረብ አገር። ስንቱ ሄደ፣ ስንቱስ ቀረ! አወቀ ይህን እያየ፣ መኪና በማይኖርበት ሰዓት ትኬት ቢሮው ውስጥ ሲጭር ሲሰርዝ ቆይቶ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። ስሙንም «የአሥራ ሁለት ሰዓቱ መኪና» አለው።

የመጽሐፉ መጨረሻ ግን ልብ ወለድ አይደለም። አወቀን እናቱ በልጅነቱ ሲሞቱበት ወስደው ያሳደጉት ጎረቤቱ እትዬ ድንቅነሽ ናቸው። ከልጃቸው ከሚሊዮን ጋር በአንድ ገበታ አብልተው፣ ሲያጠፉ ሁለቱንም በአንድ አለንጋ ገርፈው ነው ያሳደጉት። ሚሊዮንም እንደሌላው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። ጥር ላይ አብሮት ከተሳፈረ ልጅ ለአወቀ ስልክ ተደወለ። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ ሚሊዮን ከተረፉት ውስጥ የለም።

መርዶ ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌ መክሮ፣ ቀን ቆርጦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። አወቀ ነገሩን ለእድሩ ዳኛ ለአቶ አራጌ አደረሰ። አቶ አራጌም የሚሊዮን እህት የኔአለም በቅርቡ እንደጸነሰች፣ ከዚያ በፊት የያዘችውም እንደጨነገፈባት ያውቃሉና፣ እሷ በሰላም ሳትገላገል፣ ሕፃኑም ክርስትና ሳይነሳ ይህ ወሬ እዚያ ቤት እንዳይገባ ቆረጡ። ከተማው ሁሉ ሰማ፤ ከተማው ሁሉ ዝም አለ። ለእትዬ ድንቅነሽ ሚሊዮን የመን ታስሯል፣ ስልክ አይፈቀድለትም ተባለ። አመኑ። እናት ለማመን ምን ያንሳታል?

አወቀ ታዲያ አልቅሶ እንዳይወጣለት፣ ከእሳቸው የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ትንሽ ኡኡ ቢል ይሰማሉ። ስለዚህ የመጽሐፉን መጨረሻ ቀደደና እንደገና ጻፈው። የልጁን ስም ጋሹ አለው እንጂ ቦርሳው የሚሊዮን ነው፣ ሳቁ የሚሊዮን ነው፣ ጀልባዋም ያችው ናት። እትዬ ድንቅነሽ ማንበብ አይችሉም፣ ስሙም ተለውጧል፣ ምን ይመጣል ብሎ አሳተመው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏል ይኸው ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል መጽሐፉ በአውቶብስ ጣሪያ ተጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ። አወቀ ምረቃ አዘጋጀ። አንድ ባለሥልጣን መጽሐፉን ሳይገልጡ ስለ ንባብ ባህል ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ታዳሚው ለስላሳውን ጠጥቶ፣ አጨብጭቦ ወጣ። ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፤ «እንኳን ደስ አለህ» ጎረፈለት፣ ገዢ ግን የለም። ጓደኞቹማ ይባስ ብለው «ፈርመህ ስጠኝ እንጂ» ይሉታል፤ ዳቦ ቤት ያለውን ጓደኛቸውን አንድ ዳቦ በነጻ ጠይቀው የማያውቁ ሰዎች! በሹፌር እጅ ወደ ወረኢሉና ወደ ኩታበር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ላከ። ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጀርባ ከርሞ ተመለሰለት፤ እንዲያውም የአንዱ ሽፋን ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። በመጨረሻ መኪና ሊነሳ ሲል በር ላይ ቆሞ ለተሳፋሪ ያነብ ጀመር። ረዳቱ፣ ሰው ሳይከፍል እንዳይተኛብን ይውረድልን እያለ አሳቀበት። አወቀም አብሮ ሳቀ፤ ከውስጥ ግን እንዳረረ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት እትዬ ድንቅነሽ ቤቱ ገብተው ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደራርበው አዩ። እሳቸው ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ዕድሜያቸውን የፈጁ። ተቆጡት። ዕቃ ገበያ ወጥቶ ካልታየ፣ ካልተነካ፣ ካልተሸተተ ማን ይገዛዋል? እንዲህ ቤት ውስጥ አፍኖ መሸጥ ከማን ተማርክ? አሉት። አወቀ አፉን ከፈተ። አይሆንም ቢል ለምን ይሉታል፤ እሺ ቢል ደግሞ ምኑን እሺ ይላል? እሱ ሲያመነታ እሳቸው አንዱን ካርቶን ከኮረሪማው ጆንያ ጋር ባጃጅ ላይ አስጭነው ሄደዋል። እዚህ ላይ ነበር ሮጦ ባጃጁን ማስቆም። አላስቆመም።

ከሰዓት በኋላ ባዶ ካርቶን ይዘው ተመለሱ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከእሳቸው ጎን ጨርቅ የሚሸጠው ሳዲቅ የመጀመሪያውን ገዛ። ሳዲቅ መጽሐፉ ቤቱ አለው፤ አንብቦ ጨርሶታል። እሳቸው «ግዛ እንጂ» ሲሉት እምቢ የሚልበት አንደበት አጣና ሁለተኛ ገዛ። ከዚያ ሌላው ቀጠለ። ወሬ እንደሁ አይደበቅም፤ የመጽሐፉ መጨረሻ የማን መጨረሻ እንደሆነ ገበያው ሁሉ ያውቃል። የልጁ ሞት በገዛ እናቱ እጅ ሲዘረጋለት አልፈልግም የሚል ማን አለ? ይገዛል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ይሄዳል። ጌሾ የምትሸጠው በዛችማ ተቀብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እትዬ ድንቅነሽ ይህን ሲያዩ በኩራት የሚሆኑትን አጡ። ሳይከፍቱት ያስለቅሳል ብለው ለአወቀ አወሩለት። በሚቀጥለው ገበያ ይህንኑ ማስታወቂያ አደረጉት፤ «ሳይከፍቱት የሚያስለቅስ መጽሐፍ፣ የልጄ መጽሐፍ» እያሉ ሲጣሩ አንድ ጎረምሳ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው።

ቪዲዮው ዞረ። አወቀም፣ አላህ ይይለት፣ በራሱ ገጽ ላይ መልሶ አጋራው። ያ መጽሐፉን የመለሰበት የኩታበር ሱቅ ደወለ፤ ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከማሻ እንኳን የጠየቀ አለ። ከዚያ ሁሉ ልመና በኋላ ስሙ ሲጠራ መስማት ጣፈጠው፤ ለምን ይዋሻል! ግን ከቪዲዮው ሥር አንዱ «ምስኪን እናት፣ እስካሁን አልሰሙም እንዴ?» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ነፍስ ይማር» ይላል። የኔአለም ስልክ አላት። አወቀ ትኬት መቁረጡን ትቶ አስተያየት ሲያጠፋ ይውላል። አንዱን ሲያጠፋ ሌላው ይመጣል። የሚቀጥለው ገበያ አስቆማቸዋለሁ ይላል፤ የሚቀጥለውም ያልፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

አንድ ቀን ሳዲቅ መስኮቱ ድረስ መጣ። ትኬት ሊቆርጥ መስሎት አወቀ ወዴት ነህ አለው።

«የትም አልሄድም» አለ ሳዲቅ። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገበያ ሲደራ ደስ ይለኛል። ይኼ ግን ገበያ አይደለም፣ ወላሂ። ሴትዮዋ የራሳቸውን መርዶ ነው በእጃቸው እያደሉ ያሉት።»

አወቀ፣ ሽማግሌ ቀን ሳይቆርጥ እኔ ምን ላድርግ ብሎ ተከራከረ። ሳዲቅ መርዶውን ተናገር እንዳላለው፣ መጽሐፉን ግን መሰብሰብ እንደሚችል ነግሮት ሄደ። ነገሩ ከነከነው። ሊሰበስብም ቆርጦ ነበር፤ በዚያው ሳምንት የኔአለም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ግቢው በእልልታ ተሞላ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ እትዬ ድንቅነሽ እየሮጡ ጎረቤቱን ሁሉ ይስማሉ። በዚያ ደስታ መሀል መጽሐፌን መልሱልኝ ማለት እንዴት ይሆንለታል? ተወው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ድንቅነሽ አራስ ጠያቂውን ሸኝተው አወቀን አጠገባቸው አስቀመጡት። ከቅመም ጆንያው ውስጥ አንድ መጽሐፍ አወጡ፤ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ሰው መጽሐፉ ምን ይላል ብሎ ሲጠይቃቸው የሚመልሱት እንደሌላቸው፣ የሚሸጠውን የማያውቅ ነጋዴ አድርጎ እያሳፈራቸው እንደሆነ ወቀሱትና አንብብልኝ አሉት።

አነበበ። ምን ምርጫ አለው! መናኸሪያውን፣ ጠዋቱን፣ ቦርሳውን፣ ልጁ ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ ጣል የሚያደርገውን ሁሉ አነበበ። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

«ይኼ የኛ ሚሊዮን ነው አይደል?» አሉት።

አወቀ በአዎንታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እሳቸውም ቀጥል አሉት።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ጀልባዋን ገጹ ላይ ያያታል። ዓይኑን ከገጹ አላነሳም፤ የሚያነበው ግን እዚያ ያለውን አይደለም። ጀልባዋ ደረሰች አለ። ልጁ ታሰረ፣ ተፈታ አለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከደሴ የመጣው መኪና መናኸሪያ ገብቶ ሲቆም ልጁ ወረደ፣ እናቱም አቀፈችው፣ አለቀ አለና መጽሐፉን ዘጋ። አወቀ በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የተዋጣለት ያ በአፉ የፈጠረው ነበር።

እትዬ ድንቅነሽ ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ። አንተ ዝም ብለህ አትጽፍም፣ የሰማኸው ነገር አለ፣ ግዴለም ምስጢርህን ጠብቅ አሉት። ጉንጩንም አገላብጠው ሳሙት። አወቀ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ራሱን ጠላ።

በሚቀጥለው ገበያ እትዬ ድንቅነሽ ማስታወቂያቸውን ቀየሩ። «ግዙ፣ ልጁ ይመለሳል! መጨረሻ ላይ ይመለሳል!» እያሉ ተጣሩ። በዙሪያቸው ካለው ሰው ያነበበው ያላነበበውን አየ። በዛች ጌሾዋን ሳትሸጥ ሸክፋ ተነሳች፤ ሳዲቅም ጨርቁን ጠቅልሎ ወጣ። ያን ቀን የተሸጠውን ያህል ተሽጦ አያውቅም።

ሕፃኑ ክርስትና ተነሳ። በማግስቱ አቶ አራጌ አወቀን አስጠርተው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው አሉት። አወቀ አልመጣም አለ። አሞኛል አለ፣ ተረኛ ነኝ አለ፣ ያላለው የለም። አቶ አራጌ እስኪጨርስ ጠበቁና፣ ወንድሙ አንተ ነህ፣ አንተ ካልቆምክ ለእሳቸው ማን ይቆማል ብለው ነገሩን ዘጉት። ስለ ንባቡ አልነገራቸውም። በምን አፉ ይንገራቸው?

ጭጋጉ ገና ከመሬት ሳይነሳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ሳዲቅም መጥቶ ከኋላ ቆሟል። አቶ አራጌ አንኳኩ። እትዬ ድንቅነሽ ራሳቸው ከፈቱ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። እሳቸውም አወቁ። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲያዩ ቆዩና አወቀ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ፈካ አለ።

«አወቄ፣ አንተ ንገራቸው እንጂ» አሉት። «ይመለሳል ብለህ አንብበህልኝ የለም?»

አቶ አራጌ ሊናገሩ የመጡትን ዋጡት። ሁሉም ወደ አወቀ ዞረ። ምን ያደርጉ፣ ቃሉ ከእሱ አፍ ነው የወጣው፣ የሚመልሰውም እሱ ነው።

«እትዬ» አለ አወቀ፤ ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው። «ያን ቀን ያነበብኩልዎ ከራሴ ነው። መጽሐፉ ላይ አይመለስም።»

እትዬ ድንቅነሽ አልጮሁም። የበሩን መቃን ያዙ። በዛች ስታለቅስ፣ ሳዲቅ ጨርቁን ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ሰው ገዝቶ ፊቱን ሲያዞር ያዩትን ሁሉ አሁን እንደገና የሚያዩት ይመስላሉ።

«እንግዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጄን ገበያ አውጥቼ የሸጥኩት እኔ ነኛ።»

ለቅሶው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከቤት የኔአለም፣ ከውጭ ሰፈሩ ተቀበለው። ከተማው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ግቢው ጎረፈ። ደረቱን እየደቃ ከገባው ሰው ውስጥ፣ መጽሐፉን ከእሳቸው እጅ ያልገዛ ጥቂት ነበር።