ማማ ላይ የወጣው ዝንጀሮ

ወልደ ሚካኤል ለልጆች ተረት ይጽፋል ሲባል ደሴ ውስጥ ያልሳቀ አልነበረም። ተረት ይወራል እንጂ ይጻፋል እንዴ? ኩታበር ያሉት ዘመዶቹ መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ተምሮ፣ ቅስና ይቀበላል ብለው ነበር የሚጠብቁት። እሱ ግን ደሴ ገብቶ አስተማሪ ሆነ። ፊደል የለዩ ልጆች ከዳዊት በቀር የሚያነቡት ማጣታቸው አንጀቱን በላው፤ የሸምበቆ ብዕሩን ቀርጾ ስለ ሽኮኮ፣ ስለ ቆቅ፣ ስለ ሰነፍ በሬ ይጽፍላቸው ጀመር።

የሚያትምለት ስላልነበረ እያንዳንዱ ተረት አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው። ልጆቹ በቃላቸው ያጠኑታል፤ አጠናኑም የቄስ ትምህርት ቤት ደንብ ነው። አንዱ ቆሞ በቃሉ ሲወርደው ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ሲስት ያርሙታል፤ የታረመውም አስተካክሎ መልሶ ይለዋል። ስሕተት ሰምቶ ዝም ያለ ከሳተው የባሰ ይቀጣል። «እኔም ብስት አርሙኝ» ይላቸው ነበር፣ ደስ እያለው።

ከሁሉ የሚወዱት የዝንጀሮውን ተረት ነው። ዝንጀሮው «ማሽላችሁን ከዘመዶቼ ልጠብቅላችሁ» ብሎ መንደርተኛውን ያሳምንና ወፍ ጠባቂው የሚቆምበት ማማ ላይ ይወጣል። እሸቱን ሲጨርስባቸው ይከርማል። በመጨረሻ መንደርተኛው በአንድ ድምፅ «ውረድ ከማማው» ብሎ ሲጮህበት ይወድቅና ወደ ገደሉ ይሸሻል። ወልደ ሚካኤል ይህን የጻፈው ጣልያን ሳይመጣ፣ የአጎቱን ማሳ እያሰበ ነበር። ማን ያምነዋል?

ጣልያን ደሴን ሲይዝ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ቆይቶ በሌላ ስም ተከፈተ። ልጆቹን መተው አልሆንልህ ብሎት በአስተማሪነት ገባበት። በሃያ ዘጠኝ ዓ.ም. በየካቲት ወር አዲስ አበባ ላይ የሆነው ፍጅት ከተሰማ ወዲህ ግን፣ ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። እነ እገሌ ተወሰዱ ይባላል፤ ተመለሱ ሲባል ግን አይሰማም።

በተከታዩ ዓመት ሚስቱ ገበያነሽ እህቷን ልትጠይቅ ኮምቦልቻ ስትወርድ አብሯት ወረደ። ከአሰብ የሚመጡት ካሚዮኖች አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ። ወታደር የጫነ አንዱ ብቅ ሲል፣ መንገድ ዳር የቆሙ አይቷቸው የማያውቃቸው ልጆች «ውረድ ከማማው፣ ውረድ ከማማው» እያሉ ጮኹበት።

የሱ ቃል ነው። ኩራት ደረቱን ሞላው፤ ያላስተማራቸው ልጆች ሳይቀሩ ይዘውታል። ወዲያው ካሚዮኑ ቆመ። አንድ አማርኛ የሚሰማ ባንዳ ልጆቹን ትክ ብሎ እያየ፣ አጠገቡ ላለው ጣልያን አንሾካሾከለት።

«ቀና አትበል» አለችው ገበያነሽ፣ ክንዱን ይዛ። «ዝም ብለህ ተራመድ።»

ብዙም ሳይቆይ ደምመላሽ ቤቱ መጣ። ደምመላሽ አብሮት የተማረ ነው፤ አሁን ለጣልያን ያስተረጉማል። ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

«የጣልያኑ ሹም የኮምቦልቻው ጩኸት ከየት እንደ መጣ አስጠይቆ ደርሶበታል፤ ነገ ትምህርት ቤት መጥቶ የዝንጀሮውን ተረት ይሰማል» አለ። «አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው አብሮን ይኖራል፤ ልዋሽልህ አልችልም። መጨረሻውን አንድ ነገር አድርገው።»

እሱ እንደ ወጣ ገበያነሽ ጽሑፉን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ወልደ ሚካኤል ሲነድ እያየ አለቀሰ። ከዚያም ሌላ መጨረሻ በልቡ አበጀ። በማግስቱ ጠዋት ለልጆቹ ቀድሞ ሊነግራቸው ገሰገሰ፤ ሹሙ ግን ቀድሞት፣ ደምመላሽንና አማርኛ የሚያውቀውን ሰው ከጎኑ አቁሞ፣ ከልጆቹ ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

«እኔው ልበለው» አለ ወልደ ሚካኤል። ተረቱን ከመጀመሪያው አንሥቶ ወረደው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን አለሰለሰ። «መንደርተኛውም ዝንጀሮውን አመሰገነ፤ ማማውንም ለዘላለም ሰጠው።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከገራዶ መንደር የሚመጣው ተማሪ ሀምዱ፣ ቅጣቱን ፈርቶ ይሁን መምህሩን ወድዶ፣ ተነሣ።

«ወላሂ የኔታ፣ ስተዋል» አለ በትሕትና። «መንደርተኛው ጮኸ ነው። ዝንጀሮውም ወደቀ።»

«ወደቀ» አሉ ሌሎቹም ተቀብለው። «ወደ ገደሉ ሸሸ።»

ከዚያ ጠበቁ፤ የታረመ ሰው መልሶ ማለት አለበት። ወልደ ሚካኤል ወደ ሹሙ፣ ከዚያም ወደ ሀምዱ ተመለከተ። ልጁ ከራሱ ፈጥሮ ነው ቢል እሱ ይተርፍ ይሆናል፤ ሀምዱን ግን ይዘውት ይሄዳሉ። ሞትን ፈራ፤ አብዝቶ ፈራ።

«ልክ ነህ፣ ተቀመጥ» አለው። «ተረቱ የእኔ ነው፤ የሳትኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያ መጨረሻውን እንደ ጻፈው፣ አንድ ቃል ሳያጎድል አለው። ልጆቹ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

ሹሙ ወደ ደምመላሽ ዞረ። ደምመላሽ አማርኛ የሚያውቀውን ሰው አየት አደረገና፣ ወልደ ሚካኤልን ሳያይ፣ መተርጎም ጀመረ።