በሃያ ሦስት ቀናቸው ጡት ያስጣልናቸው ጥንቸሎች

ሶዶ ከተማ ዳር ባለ የእንስሳት ማባዣ ጣቢያ ጥንቸል አረባ ነበር። ሥራው የፕሮጀክት ነው። እኛ እናራባለን፣ ፕሮጀክቱ በየወረዳው ላሉ እናቶች ያከፋፍላል፣ ልጆቻቸው ሥጋ ይቀምሳሉ ተብሎ። እናቴ ይህን ሥራዬን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። የእሷ አያቶች ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ ሶዶ ተወልዳ ሶዶ ብታረጅም፣ ጥንቸል ለእሷ ከማይበሉት እንስሳት አንዱ ነው። ከሥራ ስመለስ ጋዋኔን በር ላይ አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ ነበር የምገባው።

ጥንቸልን በደንብ ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት እናት ጥንቸል ሰባት ወለደች። ጠዋት ሳያት ከልጆቿ ርቃ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ከሰዓት ስመለስም ከዚያው ጥግ አልተነሳችም። ጨካኝ ናት፣ ልጆቿን ጥላቸዋለች ብዬ ደመደምኩና የላም ወተት አሙቄ በስሪንጅ አፋቸው ውስጥ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ። በአራት ቀን ውስጥ ሰባቱም አለቁ። ጥንቸል ልጆቿን በቀን አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደምታጠባ፣ ወተቷም ወፍራም ስለሆነ ያ እንደሚበቃቸው የተረዳሁት በኋላ ነው። ጨካኟ እሷ አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ የሞተ ግልገል ባገኘሁ ቁጥር ሆዱን በምላጭ ከፍቼ ማየት ልማዴ ሆነ። ዕውር አንጀት የሚባለው ከረጢት በሁለት ሳምንት ግልገል ላይ እንደ ጫማ ክር የቀጠነ ነው፣ ውስጡም ባዶ። በስድስት ሳምንቱ ግን ያው ከረጢት የሆዱን ግማሽ ይይዛል፤ ውስጡ የጠቆረ አረንጓዴ ነገር ሞልቶ እንደ ሊጥ ይቦካል። ሣሩ የሚፈጨው እዚያ ነው፤ የሚያቦኩትም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ግልገሉ ከእነዚህ ጋር አይወለድም። እናቱ ጎጆው ውስጥ ጥቂት ኩስ ትጥላለች፣ ልጆቿ ያንን ይቀምሱና ከእሷ ሆድ ወደ እነሱ ሆድ ይሸጋገራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በሦስት ሳምንታቸው ግልገሎቹ ሣር መቆርጠም ይጀምራሉ፤ መቆርጠምና መፍጨት ግን ለየቅል ናቸው። ያን ጊዜ ወተቱን ከልክለህ በቆሎና ፍሩሽካ ካበላሃቸው፣ እህሉ ሳይፈጭ ላልተዘጋጀው አንጀት ይደርሳል፣ ክፉው ተሕዋስ ይራባበታል፣ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ።

ይህን ለፕሮጀክቱ አስተባባሪ አስረድቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። የማስረከቢያው ሥነ ሥርዓት ቀን ሲቆረጥ ግልገሎቹን ቆጠርኳቸው፤ በዚያ ቀን ሃያ ሦስት ቀን ይሆናቸዋል። ቢሮው ገብቼ ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንዲያራዝመው ለመንኩት። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ፣ ድንኳን እንደተያዘ፣ ባነር እንደታተመ ነገረኝ። ግልገሎቹ አልደረሱም አልኩት።

«ትናንት አልፌ ሳይ ሣር ሲበሉ ነበር» አለኝ። «የሚበላ እንስሳ ደርሷል ማለት ነው። አታካብጂው።»

ዝም አልኩ። እንዴት ዝም እንዳልኩ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። በማስረከቢያው ቀን ድንኳኑ ስር ቆሜ፣ አራት አራት ግልገል የያዙ ካርቶኖች ለእናቶቹ አደልኩ። ከካርቶኑ ጋር አንድ ማዳበሪያ ክክ በቆሎና ፍሩሽካ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ «ንጽሕና ይጠበቅ» የሚል ወረቀት ነበር። ፎቶ ተነሳን። እኔም አለሁበት፤ በዴሳ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ ለመጣች አንዲት ሴት ካርቶኑን ሳቀብል፣ ጥርሴ እየታየ።

ሳምንት ሳይሞላ ይህቺው ሴት ደወለች። ባሏ የሞተባት፣ እንሰትና ስኳር ድንች እያለማች አራት ልጆች የምታሳድግ፣ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ገደማ የምትበልጥ ሴት ናት። ሦስቱ ሞቱ፣ አራተኛው ሊሞት ነው አለችኝ። በማግስቱ በሚኒባስ በዴሳ ወረድኩ፣ ከዚያ በሞተር ደጃፏ ደረስኩ። እኔ ወላይትኛዬ የገበያ ነው፣ እሷም አማርኛዋ የገበያ፤ በሁለቱ መሃል እንግባባለን።

የሠራችው የጥንቸል ቤት ከእኛ ጣቢያ ይሻል ነበር። ከቀርከሃ ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ የታጠበ። በቀን ሁለት ጊዜ በፈላ ውኃ እንደምታጥበው ነገረችኝ። በቆሎውን ለልጆቿ እንኳ ሳትነካ ለጥንቸሎቹ ብቻ ሰፍራ ሰጥታለች። አራተኛው ግልገል ጥግ ላይ ተኮራምቶ ጥርሱን ያፋጫል፣ ጭራው ስር ረጥቧል። አነሳሁት፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። እጄ ላይ እያለ ነው የሞተው።

ሴትየዋ ወረቀቱን አምጥታ አሳየችኝ። ልጇ አንብባላት እያንዳንዱን ቃል ፈጽማለች። ጎረቤቶቿ እጇ እንስሳ አይበረክትለትም ማለት እንደጀመሩ ነገረችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬዋም ስለሞተ፣ ነገሩን ከዚያ ጋር አያይዘውታል። ከዚያ ቀስ ብላ «እጄ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ይህቺ ሴት ለሳምንት ያህል እጇን ስትመረምር ከርማለች።

«እጅሽ አይደለም» አልኳት። «ከእናታቸው ሳይደርሱ ነው የነጠልናቸው። ሆዳቸው በቆሎ ለመፍጨት አልደረሰም ነበር። ማንም ሰው ቤት ቢሆን ይሞታሉ።»

ያጽናናታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ጠነከረ።

«ይህን አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ካርቶኑን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። እየሳቅሽ ነው የሰጠሽኝ። አንድ ቃል ብትነግሪኝ አልወስድም ነበር።»

አለቃዬ አዝዞኝ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ለራሴም አስጠላኝ። ልትሸኘኝ አልተነሳችም። የሞተውን ግልገል በፌስታል ይዤ ወጣሁ፣ ሶዶ ስደርስ ከፍቼ አየሁት። የዕውር አንጀቱ ከረጢት ውስጥ ውኃ ብቻ ነበር፣ አረፋ ያለው ቢጫ ውኃ። ዕድሜውን፣ የበላውንና ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ።

በቀጣዩ ሳምንት ከሌሎቹም ቀበሌዎች ተመሳሳይ ወሬ ተሰበሰበ፤ ከታደሉት የተረፉት ጥቂት ናቸው። አስተባባሪው ሪፖርቱን አዘጋጅቶ እንድፈርም አመጣልኝ። ለግልገሎቹ ሞት ምክንያት ሆኖ የተጻፈው «በተጠቃሚዎች የአያያዝና የንጽሕና ጉድለት» ነበር፤ መፍትሔው ደግሞ ለእናቶቹ ግንዛቤ ማስጨበጥ። ያቺን በፈላ ውኃ የታጠበች የቀርከሃ ወለል አሰብኩ። ወረቀቱን ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ መለስኩለት፣ የጻፍኩትንም አያያዝኩበት። እሱ ግን አልጮኸም። በለሰለሰ ድምፅ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ የሁላችንም ሥራ እንደሚዘጋ አስታወሰኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ለማይበላ እንስሳ ብዬ እንጀራዬን ልረግጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በእሷም ተናደድኩ። በሃይማኖቷ ሳይሆን፣ አስተባባሪው ቢሮ ውስጥ የሰማሁትን ነገር በእሷ አፍ ስለሰማሁት።

የግንዛቤ ማስጨበጫው በዴሳ፣ በአንድ አዳራሽ ተደረገ። አስተባባሪው ስለ ንጽሕና ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ወደ ወላይትኛ ይመልሳል፤ እናቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ያ የተደፋ አንገት ነው ያስነሳኝ። ወደ ፊት ወጥቼ፣ በዚያው በገበያ ወላይትኛዬ እየተንተባተብኩ፣ ጥንቸሎቹ የሞቱት በእነሱ እጅ እንዳልሆነ፣ በስድስት ሳምንታቸው መሰጠት የነበረባቸውን በሦስት ሳምንታቸው እንዳደልናቸው፣ እኔም እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ። አስተርጓሚው አስተባባሪውን አየ፤ አስተባባሪው ሰዓቱን አየ።

ከኋላ ያቺ ሴት ተነሳች። እኔን አላየችኝም፤ የምታየው እሱን ነበር። «በእናንተ ቤት ሕፃን ልጅ ጥርስ ሲያወጣ ከእናቱ ወስዳችሁ ቆሎ ትሰጡታላችሁ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ አስተያየቱ ተይዟል አለ፣ ሻይ ይቅረብ ተባለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጥንቸሎቹ አነሱኝና የጽሕፈት ሥራ ላይ አስቀመጡኝ። ከመነሳቴ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ገና የወለደች እናት ጥንቸል ነበረች። በሞቱት ፈንታ የሚሰጥበትን የምትክ ቅጽ ሞልቼ፣ አስተባባሪውም ሳያነብ ፈርሞልኝ፣ እሷንና አምስት ልጆቿን በአንድ ሳጥን ይዤ በዴሳ ሄድኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ ሌላ ካርቶን ደጄ እንዲገባ አልፈልግም አለች። እናታቸው አብራ እንዳለች ሳሳያት ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ምን ላብላት ብላ ጠየቀችኝ። የስኳር ድንች ሐረግና ደረቅ ሣር ለእናትየዋ፣ ልጆቹን ደግሞ ተያቸው፣ ራሳቸው ከእሷ ይማራሉ አልኳት። ስለ ይቅርታ አላወራንም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። አምስቱም አደጉ። ከመካከላቸው አንዷ ወልዳለች።

በዓመቱ ከፕሮጀክቱ አዲስ መመሪያ ወጣ። ግልገሎች ስድስት ሳምንት ሳይሞላቸው እንዳይከፋፈሉ፣ መኖ በድንገት እንዳይቀየርባቸው፣ ሣር እንዲበዛላቸው ይላል። «ከመስክ ልምድ የተገኘ ትምህርት» ተብሎ፣ ከሥሩ የአስተባባሪው ፊርማ አለበት። ኮምፒውተር ላይ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ አዲሱ ሥራዬ እሱ ስለሆነ። አንዳንድ ዓረፍተ ነገሩ ከእኔ ወረቀት ቃል በቃል የተወሰደ ነው። መመሪያው ትክክል ነው፣ ግልገሎች ያድናል፤ ስለዚህ አንድም ፊደል ሳልቀይር ጨርሼ ሰጠሁት። እኔ ያልፈረምኩበት ያ የሞት ሪፖርት ግን አልተስተካከለም። ፋይሉ ውስጥ የእናቶቹ ስም ዝርዝር አለ፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ደግሞ የአያያዝ ጉድለት ተብሎ ተጽፏል። እንዲታረም ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አራተኛውን እየጻፍኩ ነው።