የእናቴ ቀኝ እጅ እና የማሽኑ መውጫ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤታችን የፊት ክፍል የእሷ መስፊያ ነው፤ የሰፈራችን ሙሽሮችና ሚዜዎች የለበሱት አብዛኛው ልብስ ከዚያ ክፍል ወጥቷል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ልታነሳው ሞከረች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ሆስፒታል ስናደርሳት ስትሮክ ነው አሉን።

ወደ ቤት ስትመለስ ንግግሯ ተስተካክሎ ነበር፣ በምርኩዝም ትራመዳለች። ቀኝ እጇ ግን እንደተጨበጠ ቀረ። በየጠዋቱ እጇን ለብ ባለ ውሃ እየነከርኩ ጣቶቿን ቀስ ብዬ ፈልቅቄ መዳፏን አጥብላት ነበር። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

መካኒሳ አቦ አጠገብ ካለ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ፊዚዮቴራፒ ጀመርን። የምታክማት ከወላይታ የመጣች፣ ሥራዋን መዝሙር እያንጎራጎረች የምትሠራ፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ የሆነች ባለሙያ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን እናቴን ጣቶቿን እንድትዘረጋ ጠየቀቻት።

"እየዘረጋሁት ነው እኮ!" አለች እናቴ። እጇ ንቅንቅ አላለም።

እንባዬ መጣ። ባለሙያዋ አይታኝ ነው መሰለኝ ለሁለታችንም በቀስታ አስረዳችን። "ማሰቡም መፈለጉም ደህና ነው። ትእዛዙ አንጎላቸው ውስጥ ይነሳል። የተጎዳው ወደ እጅ የሚወጣበት መንገድ ነው።"

ይሄን እኔ በሥራዬ አውቀዋለሁ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጡ ኢንቨርተርና ዩፒኤስ የምጠግን መሐንዲስ ነኝ። ሞተ ተብሎ ከሚመጣልን ዕቃ ብዙው መቆጣጠሪያው ደህና ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ቁጥሩን ያሳያል። የተቃጠለው ኃይሉን ወደ ውጭ የሚሰጠው ክፍል ነው። እኛ መውጫው እንለዋለን። ይህንኑ ለባለሙያዋ ስነግራት ሳቀች።

"የእናትሽን መውጫ ግን በመበየጃ ካውያ አንቀይረውም" አለችኝ። "ደግነቱ፣ አንጎል ደጋግመው ካሠሩት አንዳንዴ ሌላ መንገድ ያበጃል።" ከዚያ ወደ መደርደሪያው አየችና "የሚያግዘን ማሽን ነበረን። ክንድ ላይ ተለጥፎ በትንሽ ኤሌክትሪክ ጡንቻውን ያነቃል። አሁን ይበራል እንጂ ምንም አይሰጥም" አለች።

"ልየው?" አልኳት።

የክሊኒኩን ኃላፊ አስፈቅዳ ሰጠችኝ። መሥሪያ ቤቴ ወስጄ ስከፍተው እንደገመትኩት መውጫው ላይ ያለው ትራንዚስተር ተቃጥሏል፤ አጠገቡ ያለው ካፓሲተርም አብጧል። መቀየሩ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ፍርሃቱ ነበር። የእኔ ጥገና ሁልጊዜ የሚያልቀው አምፖል ወይም ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ይሄኛው ግን የእናቴ ክንድ ላይ ሊያልቅ ነው። መጀመሪያ በክንድ ፋንታ ኤሌክትሪኩን የሚቀበል ሬዚስተር አስሬ ሞገዱን ስክሪን ላይ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ አየሁ። የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከተፈቀደው እንደማያልፍ አረጋገጥኩ። አለቃዬን ለምኜ ሁሉንም እንደ አዲስ አስፈተሽኩት። በመጨረሻ ክሊኒኩ ውስጥ ባለሙያዋ እያየችኝ የራሴ ክንድ ላይ ለጠፍኩት። ቆዳዬን ንዝር አደረገኝና ጣቶቼ ሳላዛቸው ተዘረጉ። ደንግጬ ጮህኩ፤ ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ማሽኑ ክንዷ ላይ ተለጥፎ ጣቶቿ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲከፈቱ አፍጥጣ አየቻቸውና "ይሄ እኔ አይደለሁም" አለች። "መዳፌን ማሽን እንዲከፍትልኝ አልፈልግም። አንሱልኝ!"

"ልክ ነዎት፣ እማማ" አለች ባለሙያዋ። "እሱ ብቻውን ቢከፍተው ብዙም አይጠቅመንም። እሱ ሲጀምር እርስዎም እኩል ይዘርጉ። ሥራው የእርስዎ ነው፣ እሱ አጋዥ ነው።"

እናቴ ትንሽ አሰበች። "እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ እጄ ጨርቁን እንደሚገፋው?"

"እንደሱ!"

"እንግዲያው ቀጥይ።"

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ጭቃውን እየዘለልን፣ ታክሲ እየተጋፋን ሄድን። ምንም ለውጥ የማይታይበት ሳምንት ይመጣና እናቴ "በቃኝ" ትላለች፤ በነጋታው ደግሞ ከእኔ ቀድማ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ጠዋት ለብ ያለውን ውሃ በሳህን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ልይዘው ስል "ቆይ" አለችኝ። ጠበቅኩ። አመልካች ጣቷ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እሱና የመሀል ጣቷ ቀስ እያሉ፣ መሀል ላይ እየቆሙ፣ እንደገና እየሞከሩ ተዘረጉ። አውራ ጣቷ አልከፈት አለ። ማሽኑ ያለው መካኒሳ ነው። ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

"አየሽ?"

"አየሁ፣ እማዬ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም። እጇን እያየች "እኔ ነኝ" አለች። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ሁለታችንም ከተቀመጥንበት አልተነሳንም።

እናቴ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት አትችልም፤ ቀጭን ክርም መያዝ አትችልም። ጨርቁን በቀኟ ደግፋ በግራዋ መቁረጥ ግን ለምዳለች፤ የጎረቤት ልጆችን ዩኒፎርም ታሳጥራለች። ከእሷ ጋር ወደ ክሊኒኩ ስሄድ እኔም ጓዳ ገብቼ የተበላሹ ማሽኖቻቸውን አያለሁ። አንዳንዶቹ አይድኑም።

በቅርቡ እዚያው ተራ ስንጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሾፌር ከጎናችን ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ደብቋል፤ ሚስቱ ስታናግረው ፊቱን ያዞራል። እናቴ ጥቂት አየችውና ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። ሰውየው ዓይኑን ከእጇ መንቀል አልቻለም።

"እንደኔ ነበር፣ እማማ?" አላት በመጨረሻ።

"ድርቅ ብሎ ነበር" አለችው። "አሁንም ይህ አውራ ጣቴ ያስቸግረኛል። እስቲ ያንተን አሳየኝ።"

ሰውየው ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የጃኬቱን ዚፕ በግራ እጁ ከፈተና ቀኝ እጁን አወጣ።