ቅቤ የጠጣው የክራር እንጨት

የልጄ ክራር አልቃኝ ያለው ለከተማችን የባህል ቡድን ለመቀጠር ልትፈተን አምስት ቀን ሲቀራት ነበር። ካላለፈች ወዴት እንደምትሄድ ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ ጎረቤት አልነበረንም። ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ ፎቶዋንና ፓስፖርቷን ወስዷል።

"ከቀጠሩኝ እቀራለሁ፤ ካልቀጠሩኝ ግን ጅዳ ነኝ፣ አዮ" አለችኝ።

አዮ የምትለው እኔን እናቷን ነው፤ ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛውም አማርኛውም ተደባልቆ ነው የሚወራው። የእህቴ ልጅም ጅዳ ሄዳ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ ስሟን ሲጠሯት ዞራ አታይም። ዛሬም ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች።

እውነቱን ልናገርና ክራሩንም አልወደውም ነበር። "የሼህ የልጅ ልጅ ሆነሽ ይሄን ታቅፈሽ! አንድ ቀን ፈልጬ ነው የማነደው" እላት ነበር። የጅዳው ወሬ ሲመጣ ግን አፌ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ክራሩን ከአቧራ የምጠርገው እኔው ሆንኩ።

በዚያው ሰሞን ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት ተሰነጠቀ። የከሚሴ ፀሐይ ያደረገው ነው። ሞፈርና ቀንበር የሚጠርቡ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን፤ አያ እንላቸዋለን። ከወይራ አዲስ አግዳሚ ጠረቡልንና እኔ ሄጄ ተቀበልኩ። ልጄ በማግስቱ ክሮቹን በጨርቅ ጥምጥም አሰረችበት።

ከዚያ መከራችን ጀመረ። ትቃኘዋለች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትመታዋለች፣ ክሩ ይወርዳል። እንደገና ታጠብቀዋለች፣ ይወርዳል። መጀመሪያ "ክሩ አርጅቶ ነው" ብላ ስድስቱንም በአዲስ ቀየረች። ያው ሆነ። ቀጥሎ ከታች ቆዳው ላይ ክሮቹን የምትደግፈውን ትንሿን እንጨት ወዲያ ወዲህ ገፋቻት። ያው ሆነ። ጠዋት ቆዳው ጤዛ ይዞ ይላላል ብላ እስከ እኩለ ቀን ጠበቀች። ያው። እኔ ዜማ አላውቅም፣ ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ያቆምኩት። ግን ክሩ ሲወርድ ፊቷ ሲወርድ አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ክራሩን ጉልበቷ ላይ አስተኛችና "ይሄ እኮ ምልክት ነው አዮ። ልሂድ" አለች።

"አስተግፊሩላህ በይ! ተነሺ፣ አያ ዘንድ እንሂድ" አልኳት።

አያ በራቸው ላይ ሞፈር እየላጉ ነበር። ልጄ ገና ሳትቀመጥ፣ "አያ፣ ያልደረቀ እንጨት ነው የሰጡኝ" አለቻቸው።

"ነገሩስ ደረቅ የሆንሽው አንቺ ነሽ" አሉ መጥረቢያቸውን እያስቀመጡ። "ሰላምታ እንኳ የለ? የእኔ ቀንበር ጨፋ ሜዳ ድረስ ሁለት በሬ ይጎትትበታል፤ ያንቺ ስድስት ክር ያቅተዋል? በይ ምቺው እስቲ።"

መታችው። ክሩ ወረደ። አያ ጆሯቸውን ትተው ዓይናቸውን ወደ እንጨቱ አስጠጉ። ክሩ የተጠመጠመበት ጨርቅ ከነጥምጥሙ ቀስ እያለ በእንጨቱ ላይ ሲዞር አሳዩን። "ክሩ አይደለም የሚላላው፤ ጥምጥሙ ነው የሚንሸራተት። ወይራ ደግሞ እንዲህ አያንሸራትትም" አሉ። አንዱን ጥምጥም ፈቱና በአውራ ጣታቸው እንጨቱን አሹት። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

 

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አዲስ የእንጨት ዕቃ ቤታችን ሲገባ፣ ገበቴም ይሁን የወተት ዕቃ፣ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ቀብተን ፀሐይ እናስጠጣዋለን። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። አግዳሚውንም የተቀበልኩ ቀን፣ ያኛው የተሰነጠቀው ቅቤ ስላልጠጣ ነው ብዬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ከዳር እስከ ዳር ቀብቼ፣ እስኪመጠው ፀሐይ ላይ አውዬ፣ በጨርቅ ወልውዬ ነበር ያስቀመጥኩላት። ለመንገርም አላሰብኩም። ማን ገበቴ ቀባሁ ብሎ ይናገራል?

ዝም ማለት እችል ነበር። አያም አያጋልጡኝም። እፈልጠዋለሁ እያልኩ ስዝት የኖርኩ እናት፣ ሳላውቅ ነው ብል ማን ያምነኛል? ደግሞ ዝም ካልኩ በቅቤው ላይ ጨርቅ ስትለዋውጥ ቀኑ ያልቃል፣ ልጄም ትሄዳለች።

"ቅቤ ቀብቼው ነው። እኔ ነኝ" አልኩ።

ልጄ ዞራ አየችኝ። "መቼ?"

"ከአያ የተቀበልኩ ቀን። እንዳይሰነጠቅብሽ ብዬ። ወላሂ፣ ለሌላ አይደለም።"

ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። "ሦስት ቀን ሙሉ ሳለቅስ እያየሽ አዮ?"

"አላወቅሁም ልጄ። አሁን አያ ሲያሸቱት ነው ያወቅሁት።"

አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ክራርሽ እንደ ሙሽራ ተቀብቶ ነው። ቅቤ የጠጣ እንጨት አልሞተም፤ በሉ አመድ አምጡ።"

ክሮቹን በሙሉ ፈታን። አያ አግዳሚውን በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት። እኔ ትኩስ አመድ እየነሰነስኩ በጆንያ ቁራጭ አሸሁት፤ አመዱ ሲወዛ አራግፌ ሌላ አደርጋለሁ። ልጄ አታናግረኝም፣ ግን እንጨቱን በሁለት እጇ ይዛልኝ ነበር። አሮጌዎቹ ጨርቆችም ቅቤውን ጠጥተዋል፤ ጥለናቸው ካልታጠበ አዲስ አቡጀዴ ቀደድን። በማግስቱም እንጨቱን ስናሽ ዋልን። ማታ ስትቃኘው ክሩ ባለበት ቆመ። እሷ ግን አላመነችውም፤ እየተነሳች ትነካው ነበር።

የፈተናው ዕለት አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ውስጥ ሌሎችም ይጫወታሉ። የእሷ ተራ ሲደርስ ዜማውን አልሰማሁትም ብል ይሻላል፤ አሁን ወረደ፣ አሁን ወረደ እያልኩ ነው የጨረስኩት። ያ ረቢ ስል ምላሴ ደረቀ።

ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። "ያዘልኝ" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ሰኞ ሥራ ጀምሪ ብለውኛል።"

በቀጥታ ደላላው ዘንድ ሄድን። ፓስፖርቷን ስትጠይቀው አልተቆጣም፤ መሳቢያውን ከፍቶ አወጣላት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከልጄ የምታንስ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ከባቲ በኩል የመጡ ይመስለኛል።

"ቦታ ተገኘልሽ፣ ቅረቢ" አላት ደላላው።

እናትዮዋ ልጇን በክንዷ ገፋ አደረገቻትና እኔን አየችኝ። "ያንቺዋ ሄዳ መጣች እንዴ? እንዴት ነው አገሩ?" አለችኝ።

ስለ እህቴ ልጅ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ልጄ እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ ወጣሁ። ሳልነግራት መውጣቴ እስከ ዛሬ አይለቀኝም።